የድመት ግልገልና ቁንጫ፦ ጠብታውን ከማንጠብጠባችሁ በፊት

ከፋሲካ በኋላ ሙቀቱ ሲጀምር በየሰፈራችን ድመቶች ይወልዳሉ። በደረጃ ስር፣ በሚክላት በር አጠገብ፣ ከቆሻሻ መጣያው ጎን ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ግልገሎች ሲጮሁ ይሰማል። ከዚያ አንድ ቀን የልጅ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሹራቡ ውስጥ አንዲት ግልገል ደብቆ ይገባል። «አያቴ፣ ብቻዋን ነበረች፣ እናቷ ትታት ሄዳለች» ይላል። እናንተ «ይህን ይዘህ ቤት አትግባ» ሳትሉ ግልገሏ ሶፋው ላይ ወጥታ በኋላ እግሯ አንገቷን ማከክ ጀምራለች።

በዚህ ገጽ ስለ ቁንጫ ለመጻፍ ያሰብነው ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ሁለት ዓይነት ስህተት ስለሚሠራ ነው። አንዱ «ቁንጫ ምን ያደርጋታል፣ የጎዳና ድመት ናት» ብሎ ይተዋታል። ሌላው ወዲያው ሱቅ ሄዶ ወይም ከጎረቤት ተውሶ ያገኘውን የቁንጫ መድኃኒት ያፈስባታል። ግልገል ግን ሰውነቷ ትንሽ ነው፣ ደሟም ትንሽ ነው። ስለዚህ ቁንጫው ሊገድላት ይችላል፣ ለእሷ ያልተሠራው መድኃኒትም ሊገድላት ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ከባድ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገውም አብዛኛው ዕቃ ከወጥ ቤታችሁ አይጠፋም።

አንድ ነገር ቀድመን እንበል። እናቷ ለምግብ ፍለጋ ለሰዓታት ልትርቅ ትችላለች። ግልገሏ ንጹሕና የጠገበች ከሆነች፣ ከርቀት ሆናችሁ እናቲቱ ተመልሳ እንደምትመጣ ጠብቁ። ከእናት ጡት የነጠቋትን ግልገል ማሳደግ ቁንጫ ከማጥፋት የበለጠ ሥራ ነው። ልጁን ይህን ማስረዳት ከባድ ቢሆንም ተነጋገሩበት።

ቁንጫ መሆኑን በምን እናውቃለን?

በገጠር ያደገ ሰው ቁንጫን ማንም እንዲያስተምረው አይፈልግም። በእበት በተለቀለቀ ወለል ላይ፣ በአጎዛ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው ቁንጫ ማን እንደሆነ በቆዳው ያውቀዋል። ነገር ግን በሰው ላይ የዘለለን ቁንጫ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ በፀጉር ውስጥ የተደበቀውን ማግኘት ደግሞ ሌላ ነው። ልጆቻችን ደግሞ በከተማ፣ በፎቅ ቤት ስላደጉ ብዙዎቹ ቁንጫን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ እነሱን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አሳዩአቸው።

እዚህ አገር በድመቶች ላይ የሚገኘው በአብዛኛው «የድመት ቁንጫ» የሚባለው ዘር ነው። ስሙ የድመት ይሁን እንጂ በውሾችም ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ርዝመቱ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ትልቁ የሰሊጥ ፍሬ ቢያህል ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ክንፍ የለውም። ሰውነቱ ከግራና ከቀኝ የተጨፈለቀ ስለሆነ በፀጉር መካከል እንደ ዓሣ ሹልክ ብሎ ያልፋል፤ በጣታችሁ ስትይዙት የሚያመልጣችሁም ለዚህ ነው።

ግልገሏን በጀርባዋ አስተኝታችሁ ሆዷን ተመልከቱ፤ እዚያ ፀጉሯ ስስ ነው። ከዚያ የኋላ እግሮቿን መገናኛ፣ የጭራዋን ሥር፣ አንገቷን፣ ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን ቦታ እዩ። ቁንጫው ራሱ ካልታያችሁ እዳሪውን ፈልጉ። ጥቁር ሆኖ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይመስላል። ነጫጭ እንደ ጨው ያሉ ቅንጣቶች ከተቀላቀሉበት እነዚያ እንቁላሎቹ ናቸው።

ጥርጣሬ ካላችሁ ይህን ፈተና ሥሩ። ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት በውሃ አርጥባችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ግልገሏን በላዩ ላይ አቁማችሁ ጥርሱ በጠበቀ ማበጠሪያ ከአንገቷ ወደ ጭራዋ አበጥሯት። በማበጠሪያው ላይ የተያዘውን ጥቁር ነገርም ወረቀቱ ላይ አራግፉ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ተራ አቧራ ከሆነ ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ ይቀራል። የቁንጫ እዳሪ ከሆነ ግን ዙሪያውን ቀይ ቡናማ ሆኖ ይሰራጫል፤ የደረቀ ደም ነውና። ያ ደም የግልገሏ ደም ነው።

ሌሎች ነገሮችም ቁንጫ ሊመስሉ ይችላሉ። መዥገር ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀመጥ ነው፣ አይሮጥም። በጆሮዋ ውስጥ ብቻ የቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ቆሻሻ ካለ የጆሮ እከክ ተባይ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ሌላ መድኃኒት አለው። ክብ ሆኖ ፀጉሩ የረገፈ ቦታ ካያችሁ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል። ጭርት ወደ ልጆች ስለሚተላለፍ የእንስሳት ሐኪም እስኪያያት ድረስ ልጆቹ አልጋ ውስጥ ይዘዋት እንዳይተኙ።

ድዷን ተመልከቱ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ግልገሎች የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው።

ቁንጫ የሚበላው ደም ብቻ ነው። ወደ ሰባ የሚሆኑ ሴት ቁንጫዎች በአንድ ቀን አንድ ሚሊሊትር ያህል ደም ይጠጣሉ። ለትልቅ ድመት ይህ ጥቂት ነው። አሁን ግልገሏን አስቡ። የአራት ሳምንት ግልገል 400 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ በሰውነቷ ውስጥ ያለው ደም ሁሉ ተሰብስቦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አይሞላም፣ ወደ 25 ሚሊሊትር ነው። ሰባ ቁንጫ ለአንድ ሳምንት ቢጠጣባት ከደሟ ሩብ ያህሉን ወሰደባት ማለት ነው። በጎዳና ላይ በተገኘች ግልገል ላይ ከሰባ በላይ ቁንጫ መገኘቱ ደግሞ ብርቅ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከማጠባችሁና ከማበጠራችሁ በፊት ከንፈሯን በቀስታ ገለጥ አድርጋችሁ ድዷን እዩ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ የሕፃን ልጅ ድድ ይመስላል። ነጣ ያለ፣ ገርጥቶ ወደ ነጭ የሄደ ከሆነ የደም ማነስ ይዟታል። ከዚህ ጋር ጆሮዋና መዳፏ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ተኝታ የማትነሳ ከሆነ፣ ወተትም ምግብም እንቢ ካለች፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ነገ አትበሉ። በዚያው ቀን ወደ ቬተሪናር ውሰዷት። በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ሸፍናችሁ አጠገቧ አድርጉ። እንዲህ የደከመችን ግልገል ቤት ውስጥ አትጠቧት፤ ውሃው ያለቻትን ጥቂት ሙቀት ይወስድባታል። ሐኪሙ ቁንጫውን ያነሳላታል፣ ያሞቃታል፣ ሁኔታዋ ከባድ ከሆነም ደም ሊሰጣት ይችላል።

አንድ ምክር፦ ብዙ ክሊኒኮች አርብ ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ። ግልገል ቤታችሁ ካለች ሐሙስ ዕለት ደውላችሁ በሰንበት የሚሠራ ተረኛ ቬተሪናር በአካባቢያችሁ የት እንዳለ ጠይቁና ስልኩን በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። ስትደውሉ «ካማ ዖሌ ቢኩር?» ብላችሁ የምርመራውን ዋጋ ቀድማችሁ መጠየቅ አያሳፍርም። ዋጋው ከክሊኒክ ክሊኒክ ይለያያል።

ማበጠሪያና ሳሙና

ድዷ ሮዝ ከሆነና ግልገሏ የምትጫወት የምትበላ ከሆነች በቤት ውስጥ መጀመር ትችላላችሁ። ለዚህ ዕድሜዋን ማወቅ ያስፈልጋል። የልደት ቀኗን የሚነግራችሁ ስለሌለ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኗት፤ ሳህን ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስቀምጧት። ግልገል ስትወለድ መቶ ግራም ገደማ ናት፤ በየሳምንቱም መቶ ግራም ያህል ትጨምራለች። ስለዚህ 400 ግራም ከሆነች ወደ አራት ሳምንት፣ 800 ወይም 900 ግራም ከሆነች ወደ ስምንት ሳምንት ናት ማለት ነው። የከሳች ከሆነች ዕድሜዋ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ክብደቷን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ኋላ መድኃኒት ስትገዙ ይጠቅማችኋል።

ከአራት ሳምንት በታች የሆነችውን ማበጠር ይሻላል። የቁንጫ ማበጠሪያ በቤት እንስሳት ዕቃ መሸጫ ይገኛል፤ ለልጆች ቅማል የገዛችሁት ጥርሱ የጠበቀ የብረት ማበጠሪያ ካላችሁም ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ግን ለልጆች አትመልሱት። አጠገባችሁ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ አስቀምጡና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት። ቁንጫ በባዶ ውሃ ላይ ይንሳፈፍና ዘሎ ይወጣል፤ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ግን ይሰምጣል። አበጥሩ፣ ማበጠሪያውን ውሃው ውስጥ ንከሩ፣ እንደገና አበጥሩ። በሁለት ጥፍር መካከል ማፍረጥ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ጥፍራችሁን በደም ከማቆሸሽ ውሃው ይሻላል፣ ቶሎም ይሄዳል።

ከአራት ሳምንት በላይ የሆነችና ጠንካራ የሆነች ከሆነ ማጠብ ይቻላል። ውሃው ለሕፃን ገላ እንደምታዘጋጁት ዓይነት ለብ ያለ ይሁን፤ በክርናችሁ ፈትኑት። መስኮቱን ዝጉ፣ ማራገቢያውና ማዝጋኑ ይጥፉ። እዚህ ላይ ትልቁ ዘዴ አንገቷ ላይ ነው። ሰውነቷን ከማርጠባችሁ በፊት በአንገቷ ዙሪያ ወፍራም የሳሙና አረፋ እንደ ቀለበት አድርጉላት። ካላደረጋችሁ ቁንጫዎቹ ውሃው ሲነካቸው ሁሉም ወደ ፊቷ፣ ወደ ዓይኗና ወደ ጆሮዋ ሽቅብ ይሮጣሉ። ከዚያ ሰውነቷን ለስላሳ በሆነ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እሹት፣ ሦስት አራት ደቂቃ ያህል አረፋው ይቆይባት፣ በለብታ ውሃ አጥቡ። ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፤ ፊቷን በማበጠሪያ ብቻ አጽዱ። በመጨረሻ በፎጣ ጭምቅ ጭምቅ አድርጋችሁ አድርቋትና እስክትደርቅ ድረስ በእቅፋችሁ ትቆይ። ገላዋን በየቀኑ አትጠቡ፤ ማበጠሪያውን ግን በየቀኑ ተጠቀሙ።

ስለ ባህላዊ መድኃኒቶች ብዙ ስለምንጠየቅ አጭር መልስ እንስጥ። ነጭ ጋዝ ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ስትልሰውም ይመርዛታል። ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው፤ ደሟን ያጠፋል። ባህር ዛፍ ቅጠሉን በቤታችን ወለል ላይ ጎዝጉዘን አድገናል፤ ከፋርማሲ የሚገዛው የባህር ዛፍ ዘይት ግን ድመት ላይ አይደረግም። ግልገሏ ስታስነጥስ ወይም ስትሞቅ አዝናችሁ አካሞል እንዳትሰጧት፤ ለአንድ ትልቅ ድመት እንኳ አንድ ፍሬ አካሞል ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ለውሻ የተሠራው ጠብታ

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ደውላ የነገረችኝን አልረሳውም። ልጆቿ ያመጧት ግልገል ቁንጫ ስለበዛባት ወንድሟ ለውሻው ገዝቶ የተረፈውን አምፑላ ሰጣት። «የቁንጫ ነው፣ ያው ነው» አላት። እሷም ግልገሏ ትንሽ መሆኗን አስባ ጥቂት ጠብታ ብቻ አደረገችላት። ማታ ላይ የግልገሏ ጆሮዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ከዚያ አፏ ላይ ለሃጭ ተዝረበረበ፣ እግሮቿ አልታዘዝ አሉ፣ እንደሚጥል በሽታ አንፈራገጣት። ቬተሪናሩ ጋ ሁለት ሌሊት አደረች። ተረፈች። የተከፈለው ገንዘብ ግን ለድመት የተሠራውን አምፑላ ብዙ ጊዜ የሚገዛ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ለውሾች በሚሸጡ ብዙ የቁንጫ ጠብታዎች ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የውሻ ጉበት ይህን ነገር ሰባብሮ ያስወጣዋል። የድመት ጉበት ግን ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ስለሚያንሰው መርዙ በሰውነቷ ውስጥ ይቆይና ነርቮቿን ያጠቃል። «ጥቂት ብቻ» ማድረግ አያድንም፤ በውሻ አምፑላ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን በጣም የበረታ ስለሆነ ጥቂቱም ለግልገል ብዙ ነው። አንድ የትልቅ ውሻ አምፑላ ገዝቶ ለሦስት ድመቶች ማካፈል ቁጠባ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ፐርሜትሪን በሌሎች ዕቃዎች ውስጥም ይገኛል። ለልጆች ቅማል ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ አላቸው፤ ስለዚህ የልጆቹን የቅማል ሻምፖ ግልገሏ ላይ አትጠቀሙ። ለጁክ የሚረጨውን ስፕሬይም እንዲሁ። በቤታችሁ ውሻ ካለና የውሻ ጠብታ ተደርጎለት ከሆነ ደግሞ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ግልገሏ አጠገቡ እንዳትተኛና እንዳትልሰው ለዩዋቸው።

ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ በዕብራይስጥ ስለሆነ ለብዙ አባቶችና እናቶች ችግር ነው። የልጅ ልጃችሁን ወይም ሻጩን እንዲያነብላችሁ ጠይቁ፤ የምትፈልጓቸውን ቃላት ግን ራሳችሁ ያዙ። «ለሐቱሊም» ማለት ለድመቶች ነው። «ሊክላቪም» ማለት ለውሾች ነው። «ሊክላቪም ቢልቫድ» የሚል ካለ ለውሾች ብቻ ማለት ነውና መልሱት። «ጉሪም» ማለት ግልገሎች ነው፣ «ሚሽካል» ክብደት ነው፣ «ሻቩዖት» ሳምንታት ነው። የውሻውና የድመቱ ምርት ከአንድ ኩባንያ ሲሆን ሳጥኑ ይመሳሰላል፤ ስሙም አንዳንድ ጊዜ በአንድ ሁለት ፊደል ብቻ ይለያያል። ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁ አትግዙ፣ ለማን እንደተሠራ የሚለውን መስመር እዩ።

ለድመት የተሠራ ሆኖም ለግልገል ላይሆን ይችላል። ለድመት ከሚሸጡት ጠብታዎች ብዙዎቹ ከስምንት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ነው የሚፈቀዱት፤ አንዳንዶቹ ቢያንስ አንድ ኪሎ እንድትመዝን ይጠይቃሉ። ከዚያ በታች ለሆነችው ቬተሪናሩ የሚፈቅዳቸው ጥቂት ነገሮች አሉ፤ የጻፋችሁትን ክብደት ንገሩትና እሱ ይምረጥ። ጠብታው የሚደረገው ከአንገቷ ኋላ፣ ከራስ ቅሏ በታች፣ ምላሷ በማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። ፀጉሯን ከፍላችሁ ቆዳዋ ላይ አድርጉት። በቤቱ ውስጥ ሌላ ድመት ወይም ውሻ ካለ ለእያንዳንዱ በዓይነቱ የተሠራ መድኃኒት በተመሳሳይ ቀን ይደረግለት፤ አለበለዚያ ቁንጫው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል።

በስህተት የውሻ ጠብታ አድርጋችሁባት ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ ከአንድ ቀን በኋላም ሊመጣ ይችላል። ገና ካልተንቀጠቀጠች ጠብታው ያረፈበትን ቦታ በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ወዲያው ወደ ቬተሪናር ሂዱ። መንቀጥቀጥ ከጀመረች ግን ሳትጠቡ በቀጥታ ሂዱ። ሳጥኑን ወይም ባዶውን አምፑላ ይዛችሁ ሂዱ። ተሳስተናል ማለት አያሳፍርም፤ ሐኪሙ ምን እንደተደረገላት ካወቀ ሕክምናው ይፈጥናል።

«መድኃኒቱ አልሠራም»

ይህን ቅሬታ ከሁሉም አብዝተን እንሰማለን። «ገዝቼ አደረግኩላት፣ ከአሥር ቀን በኋላ ቁንጫው ተመለሰ፣ አታለሉኝ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ሻጩ አላታለለም፤ ቁንጫው ከወለሉ ነው የመጣው።

አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ አርባና ሃምሳ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ አይጣበቅም፤ ግልገሏ በሄደችበትና በተኛችበት ሁሉ ይረግፋል። ከእሱ የሚፈለፈለው ትንሽ ትል ብርሃን ይሸሻል፤ ሶፋው ስር፣ በምንጣፉ ሥር፣ በወለሉ ንቃቃት ውስጥ ሆኖ የትልልቆቹን እዳሪ እየበላ ያድጋል። ከዚያ ራሱን በሚያጣብቅ ድር ይጠቀልላል። በዚያ ውስጥ ሆኖ መድኃኒት ብዙም አይነካውም፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መቆየት ይችላል። የእግር ንዝረትና የሰውነት ሙቀት ሲሰማው ይወጣል። ቤተሰብ ለበዓል ሄዶ ሲመለስ ባዶ የነበረው ቤት በአንድ ጊዜ በቁንጫ የሚሞላው ለዚህ ነው። ግልገሏ ላይ የምታዩት ቁንጫ በቤቱ ካለው ሁሉ ትንሹ ክፍል ነው።

እናቶቻችን ይህን በሥራ ያውቁት ነበር። አጎዛውንና ቁርበቱን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡ ነበር፣ ወለሉን ጠርገው ይለቀልቁ ነበር። ትሉ ደረቅ ሙቀትንና ፀሐይን አይችልም። እዚህም ሥራው ያው ነው፣ መሣሪያው ነው የተለወጠው። ግልገሏ የተኛችበትን ጨርቅ፣ የሶፋውን ልብስ፣ የልጆቹን አንሶላ በልብስ ማጠቢያ ማሽን በ60 ዲግሪ እጠቡ። የማይታጠበውን ትራስ ሚርፔሴት ላይ ፀሐይ አስመቱት። ወለሉን፣ ምንጣፉን፣ የሶፋውን ትራስ ስርና ንቃቃቱን በሾኤቭ አቫክ ሳቡ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ። የተሰበሰበውን ወዲያው በላስቲክ ቋጥራችሁ ወደ ውጭ መጣያ ጣሉት። ግልገሏ እስክትጸዳ ድረስ ምንጣፍ በሌለው አንድ ክፍል ውስጥ ብትቆይ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል።

መድኃኒቱን ካደረጋችሁ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት አዳዲስ ቁንጫ ማየት የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ተናዳችሁ ሌላ ዓይነት ጠብታ ገዝታችሁ በላዩ ላይ አትጨምሩ። ብዙዎቹ ጠብታዎች በየወሩ የሚደገሙ ናቸው። የገዛችሁበትን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ቀጥሉበት።

ቤቱ በጣም ከተወረረ ማድቢር መጥራት ይቻላል። የማድቢር ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ነው፤ ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ግልገል ወይም ሕፃን እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሩት። የሚረጨውን ነገር ስምና ስንት ሰዓት ከቤት መውጣት እንዳለባችሁ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ዋጋውን ከመርጨቱ በፊት ተስማሙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። የእንቁላሉንና የትሉን እድገት የሚያቆም ነገር ይጨምር እንደሆነም ጠይቁት፤ ያለዚያ ትልልቆቹ ብቻ ሞተው ልጆቹ ይቀራሉ። ቁንጫው የሚመጣው ከደረጃው ስር ወይም ከሚክላቱ ከሆነ ደግሞ ቤታችሁን ብቻ ማስረጨት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጉዳዩን ወደ ቫዓድ ባይት ውሰዱት።

በቤተሰቡ ላይ

የድመት ቁንጫ በሰው ላይ አይኖርም፣ ነገር ግን ይነክሳል። ብዙ ጊዜ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው፤ ሁለት ሦስት ሆኖ የተደረደረ ቀይ ጉብታ ታያላችሁ። ግልገሏ ራሷን ስትልስ ቁንጫ ትውጥና በሆዷ ውስጥ የትል በሽታ ይይዛታል። በጭራዋ ስር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ሲንቀሳቀስ ካያችሁ እሱ ነው። ኮሶን ለምታውቁ አባቶችና እናቶች ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የዚያው ዘመድ ነው። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ ሲመጣ ይኼኛው ከቁንጫ ይመጣል። መሬት ላይ የሚዳክሁ ሕፃናትም ቁንጫ ከዋጡ ሊይዛቸው ይችላል። ለግልገሏም ለልጁም በሐኪም የሚታዘዝ ቀላል መድኃኒት አለው፤ እዚህ ላይ የኮሶ ፍሬ አትጠጡ።

ቁንጫ ያለባት ግልገል ስትቧጭር ከጥፍሯ ጀርምም ሊተላለፍ ይችላል። ከጭረቱ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በብብት ወይም በአንገት እብጠት ከወጣና ትኩሳት ካለ በኩፓት ሆሊም ለሐኪማችሁ «ድመት ቧጭራኛለች» ብላችሁ ንገሩ፤ ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። የማታውቋት የጎዳና ግልገል ከነከሰች ደግሞ ነገሩ የካሌቬት ጥያቄ ስለሆነ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ በደንብ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሊሽካት ሃብሪኡት ሂዱ። ስለታመመች ወይም ስለተጎዳች የጎዳና ድመት ለማሳወቅ በአብዛኛው ከተማ የዒሪያው ሞቄድ በ106 ይደወላል። የዒሪያው ቬተሪናር ግን ብዙ ጊዜ የቤት እንስሳ የቁንጫ ሕክምና አይሰጥም፣ ስለዚህ ለዚያ ሄዳችሁ አትመላለሱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እርጥቡን ነጭ ወረቀት እንደገና ዘርግታችሁ አበጥሯት። ቀይ ካልወጣበት ማበጠሪያውን በሳምንት አንድ ቀን አድርጉት፤ ከሐሙስ ጽዳት ጋር ብታያይዙት አትረሱትም። ቀይ ከወጣበት ግን ከጠብታው በፊት ሶፋው ስር ያለውን እዩ።